ለሎሚት የተመረጠው ድንጉላ

ኦክላንድ፣ ኖቬምበር 12፣ 2006 (በፈረንጅ)

እታለም ራቢዓ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬን ከዚህ እስከ ለጋምቦ ብደረድረው ስድስት ወር ዝም ማለቴን እንደማይሸፍንልኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬ ይቅርታውን ላስቀድም። አውፍ በይኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጾሙንም በሰላም ጨርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

«ሥራ አገኘህ ወይ? የምታፍርበት ከሆነ ግን አትጻፈው፤ አባዬ ደብዳቤህን ለሰው ያስነብበዋል» ብለሽ ነበር። አገኘሁ። ምን እንደሆነ ብትገምቺ አታገኚውም። ከፈረስ ጋር ነው! ከኦክላንድ ከተማ በላይ፣ ባሕር ዛፍ በሞላው ኮረብታ ላይ፣ ሃያ ሁለት ፈረስ የሚያድርበት ትልቅ በረት አለ። ባለቤቶቹ ቅዳሜና እሑድ ብቻ መጥተው ይጋልባሉ። በሌላው ቀን ፈረሶቹ በእኔ እጅ ናቸው። ለአባዬ «ባህረዲን አሜሪካም ሄዶ ከፈረስ አልተለየም» በይው።

እንዴት ያሉ ፈረሶች መሰሉሽ! የአንዱ ጀርባ ከራሴ በላይ ነው። ሲበርዳቸው ብርድ ልብስ ይለብሳሉ፣ ጥርሳቸውን የሚሞርድላቸው ሐኪም አላቸው። እኔ ጥርሴን ሲያመኝ ሁለት ወር ነው የቻልኩት።

አንድ ነገር ግን ሆድ አስባሰኝ። የባዝራችንን የሎሚትን ፎቶ ይዤ ነበርና ለበረቱ ባለቤት አሳየኋት። ያቺን አንቺ ልጓሟን ይዘሽ የተነሳሽውን። ሴትዮዋ «ኦህ፣ ፖኒ!» ብላ ሳቀች። ፖኒ እዚህ አገር ለልደት ተከራይተው ሕፃን የሚያስቀምጡበት ትንሽ ፈረስ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፎቶውን ከኪሴ አውጥቼ አላውቅም። የአባዬን ፈረሶች አገር የሚያውቃቸው እየመሰለኝ ነው ያደግሁት።

ወንድምሽ ባህረዲን

---

አቀስታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ ባህሩ፣

ወዓለይኩም ሰላም። አውፍ ብያለሁ፤ ያልኩት ግን ለስድስት ወሩ ነው። ሎሚትን ለፈረንጅ አሳይተህ ላሰደብካት ገና አላልኩም። አብሬ ሳቅሁ ትላለህ ደግሞ! ዓይንህን በጨው ታጥበህ እንዲህ ብለህ መጻፍህ ይገርመኛል። ያቺ ሴትዮ ሎሚት ላይ አንድ ቀን ተቀምጣ ከዚህ ደሴ ትሂድና ከዚያ ትሳቅ። እሷ ስትሰግር ወገብ አያምም፣ ቁልቁለቱ አያስፈራም። የእነሱ ረጃጅም የእኛን ገደል ቢያዩ እግራቸው ይተሳሰራል።

አባዬ ደብዳቤውን ሰምቶ እንደሆን ትጠይቅ ይሆናል። ሰምቶ ብቻ? የሰፈሩ መምህር ሦስት ጊዜ አነበበለት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ለገበያ «ልጄ የአሜሪካን ፈረስ ያስተዳድራል» እያለ ልቡ አብጧል። መልካም፣ ደስ ይበለው። መከራው ግን ለእኔ ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ቤት ባዝራ እንደማትሸጥ ታውቃለህ፤ ወንዱ ለሠርጉም ለገበያውም ይወጣል፣ ሴቷ ለዘር ትቀራለች። የሎሚት እናት ክረምት ላይ ሞታለች። አሁን ከአያታችን ጀምሮ ከመጣው ዘር የቀረችን ሎሚት ብቻ ናት። አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ድንጉላ ይፈለግላታል። እኔ የጎረቤታችንን የአቶ አምሐን ዳማ መርጬላታለሁ። ቁመቱ እንደሷ ነው፣ ሰጋር ነው፣ እግሩ እንከን የለውም። አቶ አምሐም እሺ ብለዋል። ነገር ግን ያ ነጋዴው አሳምነው ከአዲስ አበባ አንድ ረጅም ድንጉላ አምጥቷል፤ የእሽቅድምድም ዘር ነው ይላል። አባዬ ያንን አይቶ መጣና ሐሳቡ ተከፈለ። ምን አለ መሰለህ? «የፈረስ ነገር የሚያውቀው ልጄ አለ፤ ባህሩ ይበል።»

ሥርዓቱን ታውቃለህ። የድንጉላው ስም በሽማግሌ ፊት ተጠርቶ ዱዓ ከተደረገበት በኋላ ማንም አያጥፈውም። ስለዚህ አሁን ነው የምትናገረው።

ሎሚትን ከተወለደች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ልጓም ያስለመድኳት እኔ ነኝ፣ በሠርግ ሙሽራ የማስከትልባት እኔ ነኝ። ባሌ ሞቶ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ሰው ፊት ቀና ብዬ የሄድኩት በእሷ ላይ ተቀምጬ ነው። ቃሉ ግን ያንተ ሆነ። ይሁን። ለአባዬ ስትጽፍ የአቶ አምሐን ዳማ በል። ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን እየለመንኩህ ነው።

ስልክ አትደውልልኝ። ስልኩን አባዬ ከኪሱ አያወጣውም፤ ሲያወራም ድምፁን ከፍቶ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማዋል። የልባችንን በወረቀት እንነጋገር።

እህትህ ራቢዓ

---

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 18፣ 2007

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ኮረብታው ላይ ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም።

ወረቀቱን አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ጓደኛዬ ክንፉ፣ አብሮኝ የሚኖረው፣ ሳንታ ክላራ ሥራ ሊሄድ ሲወጣ አየኝና «ባህሩ፣ በናትህ ኮል አድርግላትና ጨርሰው! ደብዳቤ ማን ይጽፋል አሁን? ረፈደብኝ፣ ባይ!» ብሎኝ ሄደ። እሱ ምን አለበት።

ለአባዬ ለብቻው ጽፌለታለሁ። የአሳምነውን ረጅሙን ብያለሁ።

አትቆጪ፣ ስሚኝ። እዚህ በየቀኑ የማየውን አንቺ በሥዕል እንኳ አላየሽም። ቁመት ከአባት ነው የሚመጣው። የበረቱን ሐኪም ጠይቄው ያረጋገጠልኝ ነገር ነው። ከሎሚት ስግሪያዋን፣ ከእሱ ቁመቱን የወሰደ ውርንጭላ ቢወለድ ወሎን ሁሉ የሚያስደንቅ ፈረስ ይሆናል። የአቶ አምሐን ዳማ ብንወስድ ግን የሚወለደው ያው እንደ ድሮው ነው። እስከ መቼ ነው የእኛ ነገር ትንሽ ሆኖ የሚኖረው? አንቺ ሎሚትን ስለምትወጃት ነው እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው።

የፈረስ ዕውቀትሽን አቃልዬ አይደለም። የጋላቢና የአርቢ ነገር ግን ይለያያል። ደግሞ አባዬ ከእኔ የሚጠብቀው ነገር አለ። ዘመድ ሁሉ «ባህሩ ምን አለ?» እያለ እየጠበቀ «የጎረቤቱን ፈረስ ውሰዱ» ብዬ ልጻፍ? ለዚያማ አሜሪካ ድረስ ምን አስመጣኝ?

ስትረጋጊ ጻፊልኝ።

ባህረዲን

---

አቀስታ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ባህሩ፣

አትቆጪ ላልከው፣ አልተቆጣሁም። የምቆጣው ለሚሰማኝ ሰው ነው።

ዱዓው ባለፈው ዓርብ ተደረገ። ሰባት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መምህሩ ደብዳቤህን አነበበ። «ሐኪሙን ጠይቄው ያረጋገጠልኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ አባዬ አስቆመውና «እስቲ እሱን ድገመው» አለ። ደገመው። ከዚያ እጅ ተነሣ፣ አሚን ተባለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። እኔም አሚን ብያለሁ።

ድንጉላውን ለአራት ይዘው አመጡት። ሎሚት ገና ድምፁን ስትሰማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንገቷን ይዣት ነበር፤ አባዬ ግን «አንቺ ወደ ቤት ግቢ» አለኝና ገባሁ።

በል እንግዲህ ተደሰት፤ ትይዛለች ይላሉ። አባዬ እስክትወልድ ድረስ ጀርባዋ ላይ እንዳልወጣ አዞኛል። ሣር እያጨድኩ ገብስ እያበጠርኩ እቀልባታለሁ፤ ከዚያ የተረፈው ቀን ረጅም ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ለሐኪምህ ሰላም በልልኝ።

ራቢዓ

---

ሳን ሆዜ፣ ኦክቶበር 5፣ 2008

እታለም፣

ዒድ ሙባረክ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፣ መልስ የለም። ወይ ፖስታ ቤቱ በላው፣ ወይ አንቺ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽኛል። ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ፖስታ ቤት እንዲህ አይጨክንም።

እንደ ቆጠርኩት ከሆነ ሎሚት መጋቢት ላይ መውለድ ነበረባት። አሁን ውርንጭላው ስድስት ወር አለፈው ማለት ነው። አባዬን በስልክ ስጠይቀው «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። «ውርንጭላውስ?» ስለው ኔትወርኩ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ስለ ዝናብ ሲያወራኝ ግን ኔትወርኩ እንደዚያ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ መዛወሬን ከአባዬ ሰምተሽ ይሆናል። አሁን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የምሠራው። የፈረሱን ሥራ ለምን ተውከው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እረፍት ፈልጌ ነው በይው አባዬን። ለውርንጭላው ቀይ የራስ ገመድ ገዝቼለታለሁ። ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ። ስንት ወር እንደሚሆነው ልኩን ንገሪኝ፣ አንገቱም ምን ያህል እንደሆነ።

እባክሽ ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ባህረዲን

---

አቀስታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ባህሩ፣

የራስ ገመዱን አትላከው።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። አባዬ ዒድ እስኪያልፍ እንዳይሰማ፣ ከዚያ ሥራውን እስኪለምድ እንዳይሰማ እያለ ከለከለኝ። እኔም መከልከሌን ሰበብ አደረግሁት፤ መጻፍ ብፈልግ የሚይዘኝ አልነበረም።

ሎሚት ሞታለች። መጋቢት አሥራ ሰባት ምጥ ጀመራት፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሞተች። ውርንጭላው አንገቱ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ እግሮቹ ተቆላልፈው ነበር። እንደዚያ ያለ ረጅም እግር አይቼ አላውቅም። እስከ ክርኔ ድረስ እጄን አስገብቼ ላቃናው ሞከርኩ። የቻልኩትን ሁሉ አደረግሁ፤ አልቻልኩም። እሱም አልተረፈ። ወንድ ነበር። ሌላውን አትጠይቀኝ፤ ዛሬም እጄን ስታጠብ እሱ ነው የሚታየኝ።

ጥፋቱ የድንጉላው ይሁን፣ የአንገቱ መታጠፍ ይሁን፣ የአላህ ቁርጥ ይሁን እኔ አላውቅም። አባዬ ግን አውቋል። «ራቢዓ ጋልባት ነው» አለ። ሽማግሌ ተሰበሰበና ቁርአን ፊቴ ቀረበ፤ «ከዱዓው ወዲህ ጀርባዋ ላይ አልወጣሁም ብለሽ ማይ» አሉኝ።

እንዴት ልማል? አንድ ቀን ወጥቼ ነበር። በግንቦት፣ በዙሌይካ ሠርግ፣ ገና በሁለተኛው ወር። ሙሽራዋ የሙት ልጅ ናት፤ የሚያስከትላት ፈረሰኛ ጠፍቶ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ሎሚትን ጫንኩና በእርምጃ ብቻ፣ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር፣ አደረስኳት። በሁለት ወር እንደዚያ መሄድ ባዝራ እንደማይጎዳ ሰባቱም ሽማግሌ ያውቁታል። ግን የተጠየቅኩት ጎድተሻት ነው ወይ ተብዬ አይደለም፤ ወጥተሻል ወይ ተብዬ ነው። ቁርአን ላይ አልዋሽም። እጄን ሰበሰብኩ። በቃ፣ አለቀ።

አባዬ ኮርቻዬን ለአጎታችን ልጅ ለኢሊያስ ሰጠው። ሰው ሠርግ ሲኖረው አሁን ኢሊያስን ነው የሚጠራው። እኔን ሲያዩ «ባዝራዋን የገደለችው» እንደሚሉኝ የነገረችኝ ራሷ ዙሌይካ ናት፤ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የቤታችን ዘር በእኔ እጅ ጠፋ ተብሏል። አንተ «ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ» ብለህ ነበር። ስድብ አልቆብኛል።

ራቢዓ

---

ሳን ሆዜ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2009

እታለም፣

ደብዳቤሽን የመኪና ማቆሚያው ትንሿ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መኪና ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋብኝ አልሰማሁም። አለቃዬ መጥቶ «ዋት'ስ ሮንግ?» አለኝ። ፈረስ ሞተብን አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት ለትንሽ ነገር ጨርሼዋለሁ፤ ለዚህ የሚሆን አልቀረኝም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ።

ፈረሶቹ በእኔ እጅ ናቸው ስልሽ በእጄ የነበረው አካፋ ነው። ፋንድያ ጠራጊ ነበርኩ። ጠዋት አሥራ አንድ ጋጣ፣ ከሰዓት አሥራ አንድ ጋጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ኮርቻ ላይ አልወጣሁም፤ እንድወጣም አልተፈቀደልኝም። ስለ እርባታ የጠየቀኝም የነገረኝም ሰው የለም። ሥራው ነውር አልነበረም። እኔ ነኝ ነውር ያደረግሁት።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ ያልኩትም ውሸት ነው። የጠየቅኩት ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ከጣልኩ ከሳምንት በኋላ ነው፣ ልቤ አላርፍ ብሎኝ። ፎቶዋን አሳየሁት። እሱ አልሳቀም። «ምን እንደሚሆን አስቀድሜ ልነግርህ አልችልም፤ አንድ ባዝራ ብቻ ያለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሞክርባትም» አለኝ። ያን ጊዜ ዱዓው ገና አልተደረገም ነበር። ስልክ በኪሴ ነበር። አባዬ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ሰፈሩ እየሰማ «ተሳስቻለሁ፣ ሐኪም አልጠየቅኩም ነበር» ማለት ለእኔ ሞት መሰለኝ። ይኸው ሞቱ ለሎሚት ደረሰ። ውርደቱ ደግሞ ላንቺ።

ከዚህ ጋር ሌላ የታሸገ ደብዳቤ አለ፤ ለአባዬ ነው። ከላይ ያልኩትን ሁሉ ሳልቀንስ ጽፌበታለሁ። ድንጉላውን በድፍረት የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ፋንድያ ጠራጊ እንደነበርኩ፣ ራቢዓ እንደለመነችኝና እንዳልሰማኋት። እነዚያው ሰባት ሽማግሌዎች ተቀምጠው መምህሩ ያንብበው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ኮርቻሽ ይመለስልሽ።

ባህረዲን

---

አቀስታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድሜ ባህሩ፣

ሁለቱም ደብዳቤ ደርሷል። «ተነበበ ወይ? ምን አሉ?» ብለህ በስልክ ስትጠይቅ አባዬ ወሬ የለወጠብህ እንዳይመስልህ፤ የሚያምነውን ነው የነገረህ። እኔ ግን ከሥሩ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የእኔን ዕዳ ላራግፍ። አካፋውን አውቀው ነበር። የደሴዋ ሐቢባ ኦክላንድ ያለች ልጇን ጠይቃ የተመለሰችው ከዱዓው ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ልጇ አንተን ልታስጠይቃት በረቱ ድረስ ወስዳት ነበር። ከሩቅ ፋንድያ ስትዝቅ አየችህና እንዳታፍር ብላ ሳትጠራህ ተመለሰች። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው መምህሩ ደብዳቤህን ሲያነብ አሚን ያልኩት።

ወንድሜን ላለማዋረድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ለምኜህ እምቢ ስላልከኝ አንጀቴ አርሮ ነበር። ከረጅሙ የሚወለደው መስገር የማያውቅ፣ ቁልቁለት የሚፈራ ግትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ አባዬ አይቶት «ለካ ራቢዓ ልክ ነበረች» ይላል ብዬ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት ብዬ ሎሚትን ሰጠኋት። ውርንጭላው ይበላሻል እንጂ እሷ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም። አንተ በኩራትህ፣ እኔ በእልኬ ገደልናት። ስለዚህ ለእኔ ይቅርታ አትጻፍልኝ፤ የምቀበልበት ፊት የለኝም።

አሁን ንባቡን ልንገርህ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ሰባቱም ነበሩ፣ ኢሊያስም ነበር። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። መምህሩ እንዳልከው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ፋንድያ ጠራጊ ነበርኩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አባዬን አየው፤ አባዬ «ቀጥል» አለው። «ራቢዓ ለምናኝ ነበር» የሚለው ሲነበብ አንገቴን በበሩ አስግጌ አባዬን አየሁት። አለቀ። አባዬ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ባህሩ፣ ከሎሚት ሞት ወዲህ እንደዚያን ቀን ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ቀና ብሎ ምን አለ መሰለህ?

«አያችሁልኝ ልጄን? ባሕር ማዶ ተቀምጦ እንኳ እህቱ እንዳትዋረድበት ብሎ ራሱን ፋንድያ ጠራጊ አደረገ። ስሙን ጣለላት። እንዲህ ያለ ወንድም የማን ቤት አለ?»

ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ» አሉ። አንዱ አለቀሰ። መምህሩ «ደብዳቤው ግን እንዲህ አይልም» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ «አንተ ልጅ ነህ፣ የወንድምን አንጀት አታውቅም» ብለው ዝም አሰኙት። እኔ ገባሁና «እውነቱን ነው የጻፈው፤ ሐቢባም በዓይኗ አይታዋለች» አልኩ። አባዬ አየኝና በለሆሳስ «እሱ ሊሸፍንሽ ስሙን ሸጠ፤ አንቺ ደግሞ ምስክር ጠርተሽ ልታዋርጂው ነው?» አለኝ። ለአንተ ዱዓ ተደረገ፣ ዕድሜህ ይርዘም ተባለ። እኔንም ለወንድሜ አሚን እንድል አዘዙኝ።

ኮርቻው እዚያው ኢሊያስ ቤት ነው።

አባዬ ዛሬ ጠዋት ጠርቶኝ ይህን ጻፊለት አለኝ። ለመጪው ገበያ አዲስ ባዝራ ሊገዛ ነው። ኢሊያስ ይይዛታል፣ እኔ ሣር አጭዳለሁ። «ድንጉላውን ባህሩ ይምረጥልን፤ ወቅቱ ሳያልፍ ቶሎ ይጻፍ» ብሏል። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው ጻፍኩልህ።

እህትህ ራቢዓ